ሚልካ ግራኝ ናት

«ቆይ፣ ቆይ፣» አለ ጋሻዬ ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሥቶ። «ሚልካ የታለች?»

ስሜነሽ ከደብዳቤው ላይ ቀና አለች። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ከካቡ ሥር፣ አሥራ ስድስት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ከበዋት ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ ገና ብርዱን አልሰበረችውም፤ ግማሾቹ እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል።

«ገና ናት፣» አለችው። «ትመጣ ይሆናል።»

«ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያልሽን።»

«እኔ ነኝ እንዴ ፊልሙን የምሠራው? የተጻፈልኝን ነው የማነብላችሁ።»

«ተወት አድርጋት፣ ትጨርስ፣» አለች ጀውሀራ። ጀውሀራ የስሜነሽ የዴስክ ጓደኛ ናት፤ አባቷ ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው።

ስሜነሽ ጉሮሮዋን ጠረገችና ቀጠለች። «ወጣቶቹ በሦስት ረድፍ ተሰለፉ። አሠልጣኛቸው ንግግር አደረገ። ንግግሩ ረጅም ነበር። ከዚያ መዝሙር ዘመሩ። ከዚያ ጎበዝ ለሆኑት ሜዳልያ ተሰጠ። የዚህ ሳምንት ፊልም በዚሁ አለቀ።»



«ይኼማ የእኛው የቅዳሜ ሰልፍ ነው፣» አለ አንድ ልጅ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ። ጀውሀራ ግን ፈጠን ብላ ወደ መምህራኑ ቢሮ ዞራ አየች። ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው፤ በሰልፍ መሳቅ የማን ጆሮ እንደሚገባ አይታወቅም።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ሱሪና ቀሚሳቸውን እያራገፉ ተነሡ። ድሮ ቢሆን ደወል ሲደወል «ትንሽ ጨምሪ፣ እባክሽ» እያሉ ይለምኗት ነበር። ዛሬ የለመነ የለም። ስሜነሽ ደብዳቤውን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ስትከት ፊቷ ጋለ። የተሰደበው ፊልሙ ሳይሆን ወንድሟ መሰላት።

ከእነዚያ ልጆች መካከል ፊልሙን በዓይኑ ያየ አንድም የለም። ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር ራሱን ያየው ጋሻዬ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ደሴ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ነው፤ ያየውም ተዘግቶ ነው። ሁሉንም ነገር ያመጣላቸው የስሜነሽ ታላቅ ወንድም አረጋ ነበር። አረጋ ከሦስት ዓመት በፊት ከላሊበላ ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ጋራዥ ተቀጠረ፤ ሸዕባን ከሚባል የወልድያ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማታ በቀበሌያቸው አዳራሽ ባለው ቴሌቪዥን «ተንሳፋፊዋ ጣቢያ» የሚባል የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ያያል። እሑድ ያየውን ለእኅቱ ይጽፋል።

ታሪኩ ከጨረቃ ወዲያ ማዶ በምትንሳፈፍ አንዲት ጣቢያ ላይ ስለሚኖሩ አምስት ሰዎች ነው። አለቃቸው ቶማሽ ይባላል። አረጋ «ቆርቆሮው» እያለ የሚጠራው የሚናገር ማሽንም አላቸው። የልጆቹን ልብ የወሰደችው ግን የጥገና ሠራተኛዋ ሚልካ ናት። ሚልካ አጭር ናት፤ ብዙ አታወራም፤ ሁሉም ሲጯጯሁ እሷ ከማሽኑ ሥር ናት። ደግሞም ግራኝ ናት። አረጋ ይህን በጻፈ ጊዜ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

አንድ ጊዜ የጣቢያዋ የውኃ መግፊያ ፓምፕ ማፍሰስ ጀመረ። ሚልካ ከራሷ የራስ ቁር አንገት ላይ ላስቲክ ቆርጣ፣ በጥርሷ አስተካክላ እንዴት እንደደፈነችው አረጋ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈ። በየትኛው ጣቷ ብሎኑን እንደያዘች፣ ስንት ዙር እንዳጠበቀችው ሳይቀር። የሳይንስ መምህራቸው መምህር ፈንታው ያንን ገጽ ተውሶ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አስተማረበት።

ጥቅምት ላይ ያ ፊልም አለቀ። አለቀ ከተባለ ነው። በመጨረሻው ክፍል ሚልካ ጣቢያዋን ልትጠግን ወደ ውጭ ወጣች፤ በአንዲት ገመድ እንደታሰረች በሩ ከውስጥ አልከፈት አለ። እዚያ ላይ ተቆረጠ። ልጆቹ ለሦስት ሳምንት በሌላ ነገር አልተከራከሩም። ወር ሳይሞላ አዲስ ፊልም ተጀመረ፤ ስሙ «የተንሳፋፊዋ ጣቢያ ወጣቶች»። ከመጀመሪያው ፊልም የተቀዳ ነው ተባለ። ቦታው ግን ጣቢያዋ ሳትሆን ምድር ነው፤ ሰዎቹ ወደ ሰማይ ለመሄድ የሚሠለጥኑ ወጣቶች ናቸው። ይሰለፋሉ፣ ይዘምራሉ። የሚልካን ስም ያነሣ የለም።

ደብዳቤዎቹም እንደ ድሮው አልሆኑም፤ አጫጭርና ደረቅ ናቸው። የአዲሱ ፊልም የመጀመሪያ ደብዳቤ አረጋን ጋራዥ ውስጥ ጣቱን ብረት እንደመታው፣ ከእንግዲህ እሱ እየነገረው ሸዕባን እንደሚጽፍለት ይናገራል። ስሜነሽ ያጠረው ለዚያ ነው ብላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጀውሀራ አንድ ሐሳብ አመጣች። «ለምን አንጽፍለትም? አልጣመንም እንበለው።»

«ለማን?»

«ለአያ አረጋ። እሱ ለሠሪዎቹ ይነግርልናል።»

«ሠሪዎቹ ውጭ አገር ናቸው፣ አንቺ።»

«ቢሆኑስ? አዲስ አበባ ነው ያለው፤ መንገድ አያጣም።»

ጋሻዬ ሲሰማ ደስ አለው። «ሚልካን ካላመጣችሁ ማየት እናቆማለን ብለሽ ጻፊ።»

«መች አይተን እናውቃለን?» አለች ጀውሀራ፤ ስሜነሽ ራሷ ሳቀች።

እንዲህ ብለው ጻፉ። «ይድረስ ለአያ አረጋ። ለጤናህ እንደምን አለህ? ጣትህ ዳነልህ ወይ? እኛ ደኅና ነን። አዲሱ ፊልም ግን አልጣመንም። በሩ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም? አለመንገር ነውር ነው። የሚሰለፉትን ልጆች አናውቃቸውም፤ ስለማናውቃቸው ሜዳልያ ቢሰጣቸው ደስ አይለንም። እባክህ ሚልካን ፈልግልን።» ከሥሩ አሥራ ስድስት ስም ተጻፈ።

ስሜነሽ እቤት ስትደርስ እናቷ ሙሉዬ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ባላቸውን በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ከቀበሩ ወዲህ የቤቱ ኑሮ በእንዝርት ላይ ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ስሜነሽ መጀመሪያ የሰላምታውን ገጽ ታነብላቸዋለች፤ የፊልሙ ገጽ የእሷ ነው።

«ደኅና ነኝ አለ?» ጠየቁ እናቷ።

«ደኅና ነኝ አለ፣ እማዬ።»

«ተመስገን። ይኸው ሰሞኑን የሰው ልጅ ለውትድርና እየተለቀመ ሲሄድ፣ የእኔ ልጅ ከተማ መሆኑ በጀኝ። የሥራ መታወቂያ አለው። እሱን ማን ይነካዋል?»

ስሜነሽ ይህን በግማሽ ጆሮዋ ነው የሰማችው። ስለ ሚልካ እያሰበች ነበር።

መልሱ ከጥምቀት በኋላ መጣ። በበጋ ወራት ፖስታ በአውሮፕላን ይገባል፤ አውሮፕላኗ በተራራው ላይ ስትዞር የሰሙ ልጆች ከክፍል እስኪወጡ ተቁነጠነጡ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፖስታውን ለስሜነሽ ስትሰጣት ሃያ የሚሆኑ ልጆች ከኋላዋ ነበሩ። ተስፋ ቆርጠው የነበሩትም ተመልሰዋል። ካቡ ሥር ሄደው ተኮለኮሉ።

ስሜነሽ የሰላምታውን ገጽ ገልብጣ ወደ ሁለተኛው አለፈች። «ሚልካ በመጨረሻ መጣች፣» ብላ አነበበች።

ልጆቹ ተንጫጩ። ጋሻዬ ጎኑ የተቀመጠውን ልጅ በክርኑ ጎሰመው። «አላልኩም?»

«በገመድ ተንጠልጥላ የነበረችውን ቶማሽ ጎትቶ አስገብቷታል። አሁን የወጣቶቹ አስተማሪ ሆናለች። ዛሬ ወጣቶቹ ሲማሩ ሞተሩ ቆመ። ሁሉም ፈሩ። ሚልካ ትልቁን መፍቻ በቀኝ እጇ ጨበጠች፤ ሞተሩን ሁለት ጊዜ መታችው። ሞተሩ ተነሣ። ሁሉም አጨበጨቡላት።»



«በቀኝ?» አለ ጋሻዬ።

«ሚልካ ግራኝ ናት፣» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ ቀስ ብላ።

«ደግሞ መታችው ይላል? ሚልካ ሞተር ትመታለች?»

«ተሸወድን። ሌላ ሴት ናት ያመጡልን።»

«ሠሪዎቹ የመጀመሪያውን አላዩትም ማለት ነው፣» አለ ጋሻዬ። የእውነት ተናድዶ ነበር። «ሰው የራሱን ፊልም እንዴት ይረሳል?»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ስሜነሽ አልሰማቻቸውም። ያችን መስመር ደግማ አየቻት። በቀኝ እጇ። ሠሪዎቹ ሊረሱ ይችላሉ። ውጭ አገር ያለ ሰው የፈለገውን ይርሳ። አያ አረጋ ግን እንዴት አላየውም? እንዲህ ያለ ስሕተት ቢያይ አንድ ሙሉ ገጽ ተናድዶ ይጽፍ ነበር። መፍቻ በመዶሻ ምትክ ያነሣ ሰው ቢያይማ ሁለት ገጽ።

አረጋ ራሱ ግራኝ ነው። ልጅ ሳለ የፊደል አስተማሪው ግራ እጁን በመቀነት አስረውበታል፤ እዚሁ ትምህርት ቤት ደግሞ ጣቶቹ እስኪያብጡ በማስመሪያ ተመትቷል፤ አልተወም። ስለ ሚልካ የጻፈበትን የመጀመሪያ ደብዳቤ ስሜነሽ በቃሏ ታውቀዋለች፤ «እታለም፣ ዛሬ በቴሌቪዥን እንደኔ የሆነ ሰው አየሁ፤ ማንም አልመታትም» ይላል።

ደብዳቤውን አጠፈችው።

«አላለቀም እኮ፣» አለች ጀውሀራ።

«አሞኛል፣» አለችና ተነሥታ ሄደች።

እቤት ማንም አልነበረም፤ እናቷ ፈትል ለሸማኔ ሊያደርሱ ወጥተዋል። ስሜነሽ ከአልጋው ሥር የካርቶን ሣጥኑን ስባ ደብዳቤዎቹን መሬት ላይ ዘረጋቻቸው። ሠላሳ አንዱ የአረጋ ናቸው። ግራ እጁ በጻፈው ላይ ስለሚያልፍበት ቀለሙ ሁልጊዜ ይጎተታል፤ ገጹ ሁሉ ሰማያዊ ጥላ አለበት። ሦስቱ አዲሶች ንጹሕ ናቸው፤ መስመራቸው እንደ ገመድ ቀጥ ያለ።

የአዲሱን ፊልም የመጀመሪያ ደብዳቤ አነሣች። ሰላምታው ላይ እንዲህ ይላል፤ «የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ብረት ስለመታኝ ከእንግዲህ ሸዕባን ይጽፍልኛል።»

የቀኝ እጄን።

አረጋ በቀኙ ጽፎ አያውቅም። ቀኙ ቢቆስል ደብዳቤ ከመጻፍ የሚከለክለው ነገር የለም። ይህን መስመር ለእናቷ ጮክ ብላ አንብባለች፤ ለራሷም ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። ግን አላየችውም። ያን ቀን የሰላምታው ገጽ ረዝሞባት ነበር። የወንድሟን እጅ ዘላ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ሮጠች።

እሱ እየነገረው ሸዕባን ከጻፈው፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። ስለዚህ እሱ አላለም። ካላለ ደግሞ የት ነው ያለው?

ጀውሀራ ደብተሯን ይዛላት መጣች፤ ደብዳቤዎቹን መሬት ላይ ተዘርግተው አገኘቻቸው። ስሜነሽ ሁሉንም ነገረቻት። ጀውሀራ ቁጢጥ ብላ የተጎተተውንና ንጹሑን አስተያየች።

«ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ይሆናል።»

«ለምን አይነግሩንም ታዲያ?»

«ወላሂ አላውቅም። ለእናትሽ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ምን ብዬ? ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት በቀኟ መፍቻ ያዘች ብዬ?»

ጀውሀራ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረች። ከዚያ «አባቴ ሐሙስ ወልድያ ይወርዳል፣» አለች። «ለሸዕባን ጻፊለት። እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባልናል። መልሱ በሱቃችን አድራሻ ይምጣ።»

ስሜነሽ አምስት መስመር ብቻ ጻፈች። «ጋሽ ሸዕባን፣ ሚልካ ግራኝ ናት። አያ አረጋም ግራኝ ነው። ደብዳቤዎቹን እየነገረ ያጻፈህ እሱ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እማዬ አታውቅም። እባክህ የት እንዳለ ንገረኝ።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የሚኒስትሪ ፈተና አራት ወር ቀርቶት መምህራኑ በየቀኑ ያስጠናሉ፤ እሷ ግን የሒሳቡን ጥያቄ ጀምራ መሀል ላይ ትጠፋለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። አውሮፕላኗ ስትመጣ ልቧ ይመታል፤ ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ የባሰ ይመታል። አንድ ቀን ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። እናቷ ከዚያ ሲመለሱ የጎረቤታቸው የገብረመስቀል ልጅ ስሙ ለውትድርና ተጠራ ብለው ነገሯት፤ «ምስኪን እናቱ» አሉ። ስሜነሽ ውኃ ልትቀዳ ብላ ወጣችና እንስራውን ረስታው እንደሄደች ምንጩ ጋ ስትደርስ አወቀች።

ልጆቹ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቋታል። አልመጣም ትላለች። አንድ ቀን ጋሻዬ ብቻዋን አገኛት።

«ራስሽ ለምን አትቀጥይውም? በሩ ከተከፈተበት ጀምረሽ። ሚልካን ከማንም በላይ ታውቂያታለሽ።»

«መዋሸት ነው።»

«እነሱስ የሠሩት ውሸት አይደል? የአንቺው ይሻላል።»

እውነቱን ነበር፤ ትችል ነበር። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር እንደውም በአፏ ውስጥ ተዘጋጅታለች። ነገር ግን በአሁኑ ጊዜ እቤታቸው ሣጥን ውስጥ ሌላ ሰው እንደ ሌላ ሰው ሆኖ የጻፈው ሦስት ደብዳቤ አለ፤ አንዱን ብትጨምርበት የት እንደሚያቆም አታውቅም።

«አልችልም፣ ጋሻዬ። ተወኝ።»

ጋሻዬ ፊቷን አይቶ አልጨቀጨቃትም።

በዚያው ሰሞን እናቷ «እስኪ የአረጋን ደብዳቤ ድገሚልኝ፤ ያንን ጣቱን የመታውን» አሏት። ስሜነሽ አወጣችና አነበበች። ቀኝ እጄን የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ሳል አስመሰለችው።

«ግራው ስለተረፈለት ተመስገን፣» አሉ ሙሉዬ እንዝርቱን እያሾሩ። «ሥራውን አያስታጉለውም።»

ስሜነሽ ደብዳቤውን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። እሷ ዘላው የሄደችውን እጅ እናቷ ሰምተውት ነበር።

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ከገበያ ሰዓት በኋላ፣ ጀውሀራ ከሱቁ በር ላይ በእጇ ጠራቻት። ከባንኮኒው ጀርባ፣ በጨው ከረጢቶቹ መካከል ተቀመጡ። ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት ቀጥ ያለና ንጹሕ ነው። ስሜነሽ ቀደደችው።

«ለእህቴ ለስሜነሽ፤ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀኑ ነው፤ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ቆየሁ። አረጋ በጥቅምት መጨረሻ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ከጋራዥ ሲወጣ መንገድ ላይ ነው የያዙት። መታወቂያውን ቢያሳያቸውም አልሰሙትም። በማግሥቱ ልብስ ይዤለት ሄድኩ፤ በአጥር በኩል አነጋገርኩት። እናቴ አባቴን ከቀበረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ እኅቴም ፈተና አለባት፣ ደኅና ቦታ ስደርስ ራሴ እጽፋለሁ፣ እስከዚያ ግን ደብዳቤ እንዳይቋረጥባቸው አለኝ። ቃል ገባሁለት።

«በታኅሣሥ ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ደኅና ነኝ፣ መኪና ጥገና ላይ መድበውኛል ይላል። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሜን ሄዱ ሲባል ሰማሁ። እርግጡን ባውቅ አልደብቅሽም ነበር፤ አላውቅም።

«ፊልሙን በተመለከተ፣ አዲሱ ፊልም በእርግጥ ይታያል። እኔ ፊልም አልወድም፤ ሥራ ውዬ ስለምመጣ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። የነቃሁበትን ነው የጻፍኩላችሁ። ሚልካ ግን ውስጡ የለችም። ከጎኔ የሚቀመጡትም ሰዎች እየተነጫነጩ ያያሉ፤ ብዙዎቹ መምጣት ትተዋል። አሥራ ስድስት ልጆች ሆናችሁ ስማችሁን ስትጽፉ አዘንኩና እኔ አስገባኋት። ግራኝ መሆኗን አረጋ ሁልጊዜ ያወራ ነበር፤ ልብ ብዬ አልሰማሁትም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

«ለእናትሽ መንገርን በተመለከተ አንቺ እንዳየሽ። አቁም ካላልሽኝ መጻፌን እቀጥላለሁ። ሸዕባን።»

ጀውሀራ ከትከሻዋ በላይ አብራ አንብባ ነበር። እጇን ስሜነሽ ጀርባ ላይ አደረገች። ከውጭ የገበያተኛው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው በበቅሎ ዋጋ ይከራከራል።

«እስከ ሰኔ ልትቆዪ ትችያለሽ፣» አለች ጀውሀራ በመጨረሻ። «እስከ ፈተናው። ሸዕባን ይጽፋል፣ አንቺ ታነቢያለሽ። እሳቸውም ደኅና ይሆናሉ።»

ስሜነሽ ይህንኑ እያሰበች ነበር። እስከ ሰኔ አራት ደብዳቤ ይመጣል። አራት ጊዜ ታነባለች፤ አራት ጊዜ እናቷ ተመስገን ይላሉ፤ ሌላ ቦታ ላለ ልጅ፣ በማያውቁት መንገድ ላይ ላለ ልጅ ሳይሆን፣ ጋራዥ ውስጥ ጣቱን ብረት ለመታው ሰው ይጸልያሉ። እሷ ደግሞ ብቻዋን ለእውነተኛው ትፈራለች።

ከሱቁ ስትወጣ ጋሻዬንና ሌሎች ሦስት ልጆችን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። ፖስታውን በእጇ አዩት።

«መጣ?» አለ ጋሻዬ።

«መጣ። አዲሱ ፊልም ውስጥ ሚልካ የለችም። ባለፈው ያነበብኩላችሁ ፊልሙ ላይ አልነበረም፤ እኛን ደስ ለማሰኘት የተጨመረ ነው። ከእንግዲህም አላነብላችሁም።»

«ታዲያ ገመዱ ላይ ቀረች?»

«አላውቅም፣» አለች ስሜነሽ። «ማንም የሚያውቅ የለም።»

ጋሻዬ ከደረጃው ተነሣ። መንገዱን ለቀቀላት።

ቁልቁለቱን በዝግታ ወረደች። የምትመለስበት ምክንያት ስትፈልግ ሁለት ጊዜ ቆመች። እቤት ስትደርስ እናቷ ነጠላቸውን ለብሰው ከበሩ ሥር ተቀምጠዋል። እጇ ላይ ያለውን አዩና ፊታቸው በራ።

«ከአረጋ ነው?»

«ከሸዕባን ነው፣ እማዬ። እንዝርቱን አስቀምጪው።»

ሙሉዬ ልጃቸውን ትንሽ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እንዝርቱን ሰፌዱ ላይ አኖሩት። ስሜነሽ ከአጠገባቸው ተቀምጣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ አነበበች። ጥቅምት መጨረሻ የሚለው ላይ እናቷ ክንዷን ያዙ፤ እስኪያማት አጥብቀው ያዙ። አላቆመችም። በአጥር በኩል የተባባሉትን፣ ማሠልጠኛውን፣ ወደ ሰሜን የሚለውን፣ እርግጡን አላውቅም የሚለውንም አነበበች። የፊልሙንም አልተወችም።

ስትጨርስ ሙሉዬ ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ብዙ ቆዩ። ስሜነሽም ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጥላው ከበሩ ተነሥቶ ግቢው መሀል ደረሰ።

«አጥሩ ጋ ያለውን ድገሚልኝ፣» አሉ እናቷ።

ደገመችላቸው።

«መኪና ጥገና ላይ መድበውኛል የሚለውንም።»

እሱንም ደገመች። ሙሉዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ ልጅ፣ ሸዕባን፣» አሉ ቆይተው። «ብቻውን ነው አሁን፣ በዚያች ክፍል?»

«ብቻውን ነው።»

«እናት አለችው?»

«ወልድያ ያለች ይመስለኛል።»

ሙሉዬ አፍንጫቸውን ጠረጉና ቀና ብለው ተቀመጡ። «ወረቀት አምጪ፣» አሉ። «እንዲህ ብለሽ ጻፊለት። ልጄ፣ ጣቱን ብረት ስለመታው ሰው አትጻፍልን። ስለ አረጋ የሰማኸውን፣ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን፣ እንዳለ ላክልን። የምትሰማው ከሌለም ዝም አትበል፤ አንተ ምን እንደበላህ፣ እንዴት እንደዋልክ ጻፍልን። ከእንግዲህ ግን በራስህ ስም ጻፍልን።»

ስሜነሽ ደብተሯን ከፍታ ከመሀል አንድ ወረቀት ቀደደች። ቀኑን ጻፈች። ከዚያ ሌላ ወረቀት ቀደደችና ከሥሩ አኖረችው፤ ይህኛው፣ ሸዕባን ወደ ማሠልጠኛው እንዲልክላት፣ ራሷ ለአረጋ የምትጽፈው ነበር።